ዓሣ የቆጠሩት ጋሼ ወንድይፍራው

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፤ ፍትሐቱን ያደረሳችሁ መምሬ፤ ከአጥሩ ጥግ ቆማችሁ ዱዓ የያዛችሁ የሰፈራችን ሼኾች፤ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ቀለመወርቅ፤ ከአስኮ በእግር፣ ከዘነበወርቅ በአውቶቡስ የመጣችሁ ሁሉ። እግዜርም አላህም ያጽናን።

አውቃለሁ፤ እዚህ የአፈር ክምር ላይ መቆም የነበረባቸው ጋሼ ቀለመወርቅ ናቸው። ንግግራቸውን ይዘው መጥተዋል። የኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ይታያል። «ታላቅ ሰው ነበሩ» ብሎ ይጀምራል። ባለፈው ወር ለእትዬ ዋጋነሽም እንደዚያው ጀምሯል። ከዚያ በፊት ለመጋዘኑ ዘበኛም እንደዚያው። ስሙ ብቻ ነው የሚለወጠው።

እትዬ አጸደ ግን «ሚስኪ ትናገር» አሉ። የሟች ባለቤት ያሉት ይሁን። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ የጨርቅ ነጋዴው የአብደላ ልጅ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ ወንድይፍራው ጎን ተቀምጬ ገፈርሳ ግድብ ላይ ዓሣ አጠምድ ነበር። «ሴት ልጅ ዓሣ ታጠምዳለች ወይ?» ብላችሁ ስታሙኝ የከረማችሁ፣ ዛሬን ብቻ ማሩኝ። ነገ ትቀጥላላችሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ያያችሁትን አይታችኋል። ሦስት ሰዎች ትከሻቸውን ሊሰጡ ቀረቡ። እትዬ አጸደ በሩ ላይ ቆሙና «እናንተ አትንኩት» አሉ። ሦስቱም እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንደኛው ጋሼ ቀለመወርቅ ናቸው። ሁለተኛው ባለ ወፍጮው ጋሼ ዳባ ናቸው። ሦስተኛው አባቴ ነው። ናቸው፤ ይቅርታ አባባ።

ከዚያ ቤት እስከዚህ ጉድጓድ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ሲንሾካሾክ መጣ። እኔም እየሰማሁ መጣሁ። አንዱ «የድንበር ነው» አለ። አንዱ «የፖለቲካ ነው» አለና ግራ ቀኙን አየ። አንዲት እናት ደግሞ፣ ስማቸውን አልጠራም፣ «የሴት ነገር ነው» አሉ። እነዚህን ሦስት ሰዎች ደህና አድርጋችሁ እዩአቸውና የሴት ነገር ይመስላል በሉኝ።

የዓሣ ነው።

አትሳቁ። ጋሼ ዳባ፣ እርስዎ በተለይ አይሳቁ።

እነዚህ ሦስቱና ጋሼ ወንድይፍራው አራት ጓደኛሞች ነበሩ። አስኮ ፌርማታ ወርደው፣ የሸምበቆ ዘንጋቸውን ተሸክመው፣ ግድቡ ድረስ እየተሰዳደቡ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ አንድ ዳቦ ይቆርሱ ነበር። ሕጋቸውም አንድ ነበር። ዓሣ አይቆጠርም። ከተቆጠረ በረከቱ ይነሳል፤ ይህ ነው እምነታቸው። ዓሣው ሲወጣ ዝም። ጆንያ ውስጥ ሲገባ ዝም። ጆንያው አፍ ላይ የኮባ ቅጠል፤ ዓይን እንዳይገባበት። ወደ ቤት ስንመለስ «እንዴት ነበር?» ይባባላሉ። አባቴ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ጋሼ ቀለመወርቅ «ተመስገን» ይላሉ። ጋሼ ዳባ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። አለቀ። ሪፖርቱ ይህ ነው።

ቁጥር የሚፈሩት ደግሞ በዓሣ ብቻ አይደለም። ሕዝብ ቆጣሪዎቹ ሰፈራችን የመጡ ጊዜ ትዝ አይላችሁም? ጋሼ ቀለመወርቅ በር ላይ ቆመው «ሁለት ልጆች አሉኝ» ያሉ ጊዜ? ሰባቱም ከኋላቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ቆጣሪውን ሲያዩት ነበር እኮ። ትንሹማ እጁን አውለበለበለት።

ጋሼ ወንድይፍራው ግን ቆጠሩ።

ለምን ቆጠሩ? ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ስለነበሩ ነዋ። ሰው ሲገባ መቁጠር፣ ሰው ሲወርድ መቁጠር፣ ፌርማታ መጥራት። ጡረታ ወጡ፤ ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ዓሣው ከውሃ ብቅ ሲል «አንድ!» ይላሉ። ልክ «ወራጅ አለ!» እንደሚሉት። ድምፁ ውሃውን አቋርጦ ማዶ ይመታል። «ሁለት!» ጋሼ ቀለመወርቅ ያማትባሉ። «ሦስት!» አባቴ «አዑዙ ቢላሂ!» ይላሉ። ጋሼ ዳባ የትል ቆርቆሯቸውን ይዘው፣ ሸምበቆ ለሸምበቆ ከማይነካካበት ርቀት ሄደው ይቀመጣሉ፤ ቁጥሩ እንዳይጋባባቸው።

ወደ ቤት ስንመለስስ? ዝም የሚሉ መሰላችሁ?

«እኔ ዐሥራ አንድ። አንተስ አብደላ፣ ስንት?»

ዝም።

«ዳባ፣ ስንት?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት ስንት አትበል! ዓሣ ነው እንጂ ተሳፋሪ መሰለህ?»

«ተሳፋሪ ቢጎድል የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ይሞላል» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው። «ዓሣው ቢጎድል ከየት ሊሞላ ነው?»

ጋሼ ዳባ እርምጃቸውን ፈጠን አደረጉ። መልሱ እስካሁን የለም።

እዚህ ላይ ግን ልዋሽላቸው አልቆምኩም። ሰው ሲሞት ጥፋቱን የሚጠርግለት ተናጋሪ ሞልቷል፤ እኔ እሱን አልችልበትም። ጋሼ ወንድይፍራው አንድ ጊዜ አጥፍተዋል። አንድ ቅዳሜ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ዐሥራ አራት ያዙ። ደስታው አላስቀምጥ አላቸው። አስኮ ፌርማታ ላይ፣ ሰዉ ግጥም ብሎ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ያንን ድምፃቸውን አወጡት። «ዐሥራ አራት! ከቋጥኙ ሥር!» አባቴ ክንዳቸውን ቆነጠጡ። ግን ዐሥራ አራቱም ወጥቷል፣ ቋጥኙም ወጥቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንደርስ ቋጥኙ ሥር የማናውቃቸው ሰዎች መረብ ይጎትታሉ። ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ ውሃውን ጠርገውት ሄዱ። የጣት የምታክለውን የማትጠቅማቸውን ሣሩ ላይ በትነዋታል። ጋሼ ወንድይፍራው ተንበረከኩ። እነዚያን ትንንሾች እያነሱ ወደ ውሃው ይመልሱ ጀመር። አብዛኞቹ ተንሳፍፈው ቀሩ። አባቴ ከበላያቸው ቆመው «አየህ አፍህ ያመጣውን?» አሏቸው።

«አየሁ» አሉ። ቀና አላሉም። «ፌርማታ ላይ መናገሬ ጥፋት ነው፤ አይደገምም። ለእናንተ መናገሬ ግን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እናንተ ለእኔ አለመንገራችሁ ነው።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። አባባ፣ እርስዎም ነበሩ። ዋሽቻለሁ? ያልተባለ ጨምሬአለሁ?

እሺ፣ የመቃብር ቆፋሪዎች፣ ደመናውን አይቼዋለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ከወዲያም «የተማሪ ሰልፍ መሰላት እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ ሰልፍ ቢሆን ፖሊስ ይመጣ ነበር። ዛሬ እየመጣ ያለው ዝናብ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የጋሼ ወንድይፍራው ቁጥር መውረድ ጀመረ። ስምንት። አምስት። ሁለት። «አንድ!» የምትለዋን ለመስማት እስከ ቀትር የምንጠብቅበት ቅዳሜም መጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ድምፅ የለም። የኔም መንጠቆ ባዶ፣ የሳቸውም ባዶ። እኔስ ምን አውቃለሁ፣ ልጅ ነኝ፤ እሳቸውን ግን አየኋቸው። በመንገድ ላይ እንደ ለማኝ ሦስቱን ተራ በተራ ጠየቁ።

«ዛሬ እኔ ምንም። ውሃው እያለቀበት ነው ወይስ እኔ ነኝ? እባካችሁ ንገሩኝ። ስንት?»

«የኛማ ሞልቷል» አሉ ጋሼ ዳባ፤ በኮባ ቅጠሉ ላይ መታ መታ እያደረጉ።

«በረከቱን በአፍህ አባረርከው» አሉ አባቴ።

ጋሼ ቀለመወርቅ ደግሞ ፍርድ ሰጡ። ዳኛ አይደሉ? «ከዛሬ ጀምሮ ከኛ ጋር አትውጣ፤ ያንተ ለኛም ይተርፋል።»

ሁለቱ ዝም አሉ። ዝም ማለት ይችሉበታል፤ ሲለማመዱት ነው የኖሩት። ጋሼ ወንድይፍራው ዘንጋቸውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወሩና ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከነሱ ጋር አልወጡም። ሰፈሩም ተቀበለው። ባለ ሱቁ ሳይቀር «እኚህ እኮ ናቸው ግድቡን ያነጠፉት» እያለ ዕቃ ይሸጥላቸው ነበር። ከናንተ መሐል ይህን ያልሰማ አለ? ያልደገመውስ?

አሁን ጆንያውን እንክፈተው።

አባባ፣ ዓይንዎን ያንሱልኝ፤ ካላየሁዎት ይህን መናገር አልችልም።

በቤታችን ዓሣ የማጸዳው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ወደ ማታ አባቴ ጆንያቸውን ይዘው ይገባሉ። እናቴ «ማሻ አላህ» ትላለች። እኔ ቢላዬን ስዬ ሆዱን ልቀድ እጠጋለሁ። ሆዱ ተቀዷል። ቅርፊቱ ተፍቋል። አንዱ ላይማ ጨው ተነስንሷል። የግድባችን ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው አንጀቱን አውጥቶ፣ ታጥቦ፣ ጨው ለብሶ መንጠቆ የሚነክሰው?

የኔ አባት ብቻ መስሎኝ ነበር። ትላንት ግን ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ሽንኩርት ስንልጥ ወሬ ተነሳ። የጋሼ ዳባ ልጅ እሙ «የኛ ዓሣ ግን ተጠርጎ ነው የሚመጣው» አለች። እጄ ላይ ያለው ቢላ ቆመ። የጋሼ ቀለመወርቅ ባለቤትማ ኮራ ብለው ምን አሉ መሰላችሁ? «የኔ ሰውዬ እንዳይደክመኝ ብሎ እዚያው ውኃ ዳር አጽድቶ ያመጣልኛል!» እኔና እሙ ተያየን። ጋሼ ቀለመወርቅ? የጠጡበትን ብርጭቆ የማያነሱት ጋሼ ቀለመወርቅ?

ሦስት ቤት። ሦስት ጆንያ። ፒያሳ ያለ አንድ ዓሣ ቤት፤ ሻጩን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

በጣም የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም! አስኮ ፌርማታ ላይ «እኔ ትንሽ ጉዳይ አለኝ» ተባብለው ይለያያሉ። እያንዳንዱ ባዶ ጆንያውን በኮባ ሸፍኖ፣ «የጓደኞቼ ሞልቶ የኔ ብቻ ነጠፈ» ብሎ፣ አፍሮ፣ በጓሮ በጓሮ ከተማ ይወርዳል። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ልጅ ልኮ። ዓሣ ሻጩ በነዚህ ሽማግሌዎች ገንዘብ ቤት ሳይሠራ አይቀርም።

አሁን አትስቁም? ልክ ናችሁ። እዚህ ላይ ሳቁ ያልቃል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ወንድይፍራውን ልጠይቅ ገባሁ። ተኝተዋል። እጃቸውን ከጋቢው ሥር አወጡና ወደ ብርሃኑ አድርገው አገላብጠው አዩት። የሌላ ሰው ዕቃ ተሳስተው ያነሱ ይመስላሉ።

«ሚስኪ፣ እጄ ነው መሰለኝ የከዳኝ።»

«ኧረ ጋሼ! ምን ሆኖ ነው የሚከዳዎት?»

«ወይም አፌ ነው። የነሱ ሞልቷል አይደል? ሦስት ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ልክ ልሆን ነው?»

«ይሻልዎታል፤ አብረን ሄደን እናየዋለን» አልኳቸው።

«እኔ አልሄድም። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፤ ያባረርኩት እኔ ልሆን እችላለሁ። የቀረችውን ደግሞ ሄጄ አላባርራትም።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬ አጸደ ሾርባ ይዘው በሩ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። ሳጥኑን አትንኩት ያሉት ለዚህ ነው። ባላቸው የሞቱት በልብ ሕመም ነው፤ ሐኪሙ ብሏል፤ በዓሣ ሞቱ አላልኩም። ግን ያላጠፉትን ጥፋት የኔ ነው ብለው ይዘውት ሄደዋል። ይዘውት ወደዚህ ጉድጓድ እየወረዱ ነው። አፈር ከተመለሰ በኋላ ማን ቆፍሮ ሊቀበላቸው ነው?

ስለዚህ እሳቸው የጠየቁትን እኔ እጠይቃለሁ። የሚመልስ ካለ አሁን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ስንት?

ጋሼ ቀለመወርቅ፣ ስንት?

«ይህችን ልጅ አውርዱልኝ» አሉ። ይህ ቁጥር አይደለም ጋሼ።

ጋሼ ዳባ፣ ስንት? መሬት መሬቱን ያያሉ። መሬት ውስጥ ዓሣ የለም።

መምሬ፣ እባክዎ አያስቁሙኝ። እትዬ አጸደ «ይተዉአት» ብለዋል፤ ሰምተዋል።

አባባ። ቤት ስንገባ እንደፈለጉ ይቆጡኝ። ከዚህ በኋላ ግድብ አትሄጂም ይበሉኝ፤ እቀመጣለሁ። እርስዎ ነዎት ግን ትል መንጠቆ ላይ ማስገባት ያስተማሩኝ። አብረዋቸው የበሉት ዳቦ ስንት ነው አልልም፤ እሱ አይቆጠርም። ዓሣውን ብቻ ነው የምጠይቅዎት። ጓደኛዎ ተኝተው እየጠበቁ ነው። ስንት?

ምን አሉ?

አልተሰማም። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ ጮክ ይበሉልኝ።

«ምንም።»

አባቴ «ምንም» አሉ። «ከአረፋ ወዲህ አንድም አልያዝኩም» አሉ። ይኸው፣ በራሳቸው አፍ።

ቆይ፣ ዝም በሉ፤ ጋሼ ዳባ ቀና ብለዋል። አባቴን እያዩ ነው። «አንተም?» አሉ። ሰማችሁ? «አንተም?» አሉ! ሦስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አሁን መቃብር ላይ «አንተም?» ይባባላሉ።

ጋሼ ቀለመወርቅስ? ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ጣት አሳዩኝ። አንድ? «አንዲት ትንሽ ነበረች፤ መልሼ ለቀቅኋት።» እንግዲህ ለዳኛ መቼም ምስክር አይጠራም። ይሁን፤ አንድ ብለን እንያዝላቸው።

ይኸው ተነገረ። ሰማይ ተደፋ? ቁጥሩ ከአፍ ሲወጣ ከውሃው የቀነሰ ነገር አለ? የቀነሰው ቀድሞ ነው፤ ሁሉም ዝም ባለበት ጊዜ ነው። ፌርማታ ላይ ወጥታችሁ አውጁ አልልም፤ ባለ መረብ ጆሮ አለው፤ ያንን ጋሼ ወንድይፍራውም ተንበርክከው ተምረውታል። ግን አራት ሰው ዳቦ ከቆረሰ በኋላ እውነቱን ቢነጋገር ምን ይጎድልበታል? ያኔ በመጀመሪያዋ ባዶ ቅዳሜ «እኔም ባዶ፣ አንተም ባዶ» ብትባባሉ ኖሮ ዘንጋችሁን ሰቅላችሁ ውሃውን አንድ ክረምት ባሳረፋችሁት ነበር። የተረፉት ዓሦች በወለዱ ነበር። እናንተ ግን አንዳችሁ ካንዳችሁ ተደብቃችሁ፣ ያለቀውን ውሃ እየደበደባችሁ፣ ጥፋቱን ለአንድ ሰው አሸከማችሁት።

ምን አሉ ጋሼ ዳባ? «እስከ መስቀል ማንም መንጠቆ አይጥልም።» ይህን ቃል ሁላችሁም ስሙልኝ። አባባ፣ እርስዎስ? እሺ አሉ።

እትዬ አጸደ፣ እንግዲህ የቀረው የእርስዎ ቃል ነው። ሳጥኑ እዚህ ነው፤ እነሱም እዚያ ናቸው። እኔ ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም።

...ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ብለዋል።

ኑ እንግዲህ፤ ገመዱን ያዙ። ጋሼ ቀለመወርቅ፣ በዚህ በኩል፤ ንግግሩን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት። ጋሼ ዳባ፣ የወፍጮ ቤት ኩንታል አይደለም፤ ቀስ ይበሉ። አባባ፣ በራስጌ በኩል። አዎ። ቀስ።

ጋሼ ወንድይፍራው፣ ወደ እርስዎ ልዙር። ጓደኞችዎ እንደነገሩዎት ጎበዝ አጥማጆች አልነበሩም። እርስዎም እንደፈሩት እጅዎ አልከዳዎትም። አፍዎ መረብ ጠርቶ ይሆናል፤ በረከትን ግን አላባረረም። ውሃው ነው የጎደለው፤ ለአራታችሁም እኩል ነው የጎደለው። ያን ቀን ወደ ግድግዳው ሲዞሩ የሚነግርዎት ሰው አልነበረም። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ ነግሮዎታል፤ ዘግይቷል፤ ግን ጮክ ብሎ ነው።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። እርስዎም ይረፉ፤ ውሃውም ይረፍ።